ያውቁ ኖሯል? መርከብ በጉም ውስጥ ምን ብላ ትጮኻለች

ውጫሌን አልፎ ወደ ውርጌሳ የሚጠማዘዝ ሾፌር ክላክስ ሲነካ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዞር በል!»። ባሕር ላይ በጉም መሐል የሚሰማው የመርከብ ጡሩምባ ግን ማንንም ዞር በል አይልም። «እዚህ ነኝ፤ ያለሁትም እንዲህ ሆኜ ነው» ብቻ ነው የሚለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የዛሬው ዓምዳችን ግን በእሱ ላይ የቆመ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ወረዳችንን ሐብሩን ከባሕር ምን አገናኘው?» ለሚል አንባቢ መልሱ ቅርብ ነው። ለመርሳና ለውርጌሳ ገበሬ የሚከፋፈለው ማዳበሪያ፣ ሲኖትራኩ የሚጠጣው ናፍጣ፣ የአይሱዙው ጎማ፣ አብዛኛው በባሕር መጥቶ ጅቡቲ የሚራገፍ ነው። ድሮ በጭፍራና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ የነበረ የወሎ ሾፌርማ የወደቡን ጡሩምባ በገዛ ጆሮው ሳይሰማ አልቀረም። ከጎረቤታችን ከሐራ ገበያ ተነስቶ በሰመራ በኩል ታጁራ ወደብ እንዲደርስ የታቀደው የባቡር መስመር አንድ ቀን እውን ከሆነ ደግሞ ወሬው ይበልጥ የቤታችን ይሆናል።

ያውቁ ኖሯል? የባሕር ላይ ጩኸት ሕግ አለው። በ1972 የጸደቀውና ከሐምሌ 1977 ጀምሮ የሚሠራው፣ መርከቦች እንዳይጋጩ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ በ35ኛው አንቀጹ በጉም ጊዜ ማን፣ በምን፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚጮኽ ይደነግጋል። ካፒቴኑ ኖርዌጂያዊም ይሁን ፊሊፒናዊ ወይም ኢትዮጵያዊ፣ ቋንቋው አንድ ነው።

«አጭር ጩኸት» የሚባለው አንድ ሰከንድ ያህል የሚቆይ ነው። «ረጅም ጩኸት» ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ይቆያል። ሁሉም መልእክት የሚሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፤ ደወል ሲጨመር ሙሉ ይሆናል።

በጉም ውስጥ በሞተር እየሄደች ያለች መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው አንድ ረጅም ጩኸት ማሰማት አለባት። ሌሊቱን 10 ሰዓት በጉም ውስጥ የተጓዘች መርከብ፣ እንግዲህ፣ ከ300 ጊዜ ያላነሰ ጮኻለች ማለት ነው። ዛሬ ሥራውን ሰዓት ቆጣሪ የተገጠመለት መሣሪያ ይሠራዋል፤ ድሮ መርከበኛው ገመድ ሲስብ ያድር ነበር።

ሞተሯን አቁማ፣ መልሕቅ ሳትጥል እንዲሁ ውኃው ላይ የተንሳፈፈች ከሆነችስ? ሁለት ረጅም ጩኸት፣ በመካከሉ 2 ሰከንድ ያህል ፋታ። «አለሁ፣ ግን አልሄድም» እንደማለት ነው። ይህችን ምልክት ያዙልኝ፤ ወረድ ብለን ከሺህ የሚበልጥ ሰው በሞተበት ሌሊት ላይ እናገኛታለን።

አንድ ረጅም፣ ከኋላው ሁለት አጭር፦ ይህ የባለ ችግሮች ድምፅ ነው። መሪዋ የተበላሸባት፣ መረብ ጥላ ዓሣ የምታሠግር፣ ሌላውን የምትጎትት፣ በሸራ የምትሄድ፣ ከውኃው ጥልቀት የተነሳ ከመስመሯ መውጣት የማትችል፣ ሁሉም የሚጮኹት ይህንኑ ነው። ድምፁ ችግሩን አይዘረዝርም። ከሌላው የሚፈልገው «ይህች እንደልቧ መዞር አትችልም» ብሎ እንዲያውቅ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ የደንቡ ብልህነት እዚህ ላይ ይታየኛል። በጉም ውስጥ ዝርዝር ማብራሪያ ለመስማት ጊዜ ያለው የለም።

ተጎታቿም ድምፅ አላት። ሰው ካለባት ጎታቿ እንደጮኸች ወዲያው ተከትላ አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ታሰማለች። ሁለቱን በተከታታይ የሰማ ሌላ መርከበኛ በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ እንዳለ ይረዳል፤ በመሐል ላቋርጥ አይልም።

አራት አጭር ጩኸት ከሰሙ የወደብ ፓይለት ጀልባ ቀርባለች ማለት ነው። ፓይለቱ የወደቡን መግቢያ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እንግዳ መርከብ ላይ ወጥቶ ካፒቴኑን መንገድ የሚመራ ባለሙያ ነው።

አሁን ለሾፌሮቻችን። ያውቁ ኖሯል? በባሕሩ ደንብ ውስጥ የተራራ መንገድ ሰው ሲያነበው ፈገግ የሚያሰኝ አንድ አንቀጽ አለ። ወዲያ ማዶ ያለው ወደማይታይበት ጠባብ ኩርባ የምትቀርብ መርከብ አንድ ረጅም ጩኸት ታሰማለች፤ ከኩርባው ጀርባ የሰማች ሌላ መርከብ ካለችም በአንድ ረጅም ጩኸት ትመልሳለች። ከአምባሰል ግርጌ የሚጠማዘዘውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ሳያነብ ሲያደርገው ኖሯል። መልስ የመስጠቱ ልማድ ግን ወደኛ የመጣ አይመስለኝም።

«ዞር በል» ለሚለው ክላክስ በጣም የሚቀርበው የባሕር ምልክት አምስት ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን አጭር ጩኸት ነው። እሱም ቢሆን ትእዛዝ አይደለም። «ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም» የሚል ጥያቄ ነው። የሚነፋውም መርከቦቹ በዓይን እየተያዩ ሲሆን ነው።

መልሕቋን የጣለች መርከብ ከጡሩምባ ይልቅ ደወል ትደውላለች፤ በየደቂቃው ለ5 ሰከንድ ያህል፣ ቶሎ ቶሎ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚንቀሳቀስና የቆመ ነገር በድምፅ መለየት አለበት። ርዝመቷ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ደወሉ ከፊት፣ ወዲያው ተከትሎ የነሐስ ሰሃን የመሰለው ጎንግ ከኋላ ይመታል። በጉሙ ውስጥ የሚቀርብ ሰው ሁለቱን ድምፆች በጆሮው ለክቶ መርከቧ ከየት እስከ የት እንደተጋደመች ይገምታል። የጎንጉ ድምፅ ከደወሉ ጋር እንዳይምታታ ደንቡ ለይቶ ያስጠነቅቃል።

መሬት ነክታ የተቀመጠች መርከብ ከዚሁ ደወል በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት የተለዩ ምቶች ትጨምራለች። የሚሰማት ሌላዋ፣ «እኔም እዚያው ደለል ላይ ልሄድ ነው» ብላ እንድትጠነቀቅ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ከ2012 ጀምሮ ከቻይና የተረከበቻቸው ዘጠኝ የንግድ መርከቦች የከተሞችን ስም ይዘው የመጡ ናቸው፤ ፊንፊኔ፣ መቀሌ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ ጅጅጋና ሐረር ደረቅ ጭነት ጫኞች፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ነዳጅ ጫኞች። ደረቅ ጫኞቹ እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ገደማ ይሸከማሉ። ርዝመታቸው ከ100 ሜትር በላይ፣ ከ200 ሜትር በታች ስለሆነ ጡሩምባም፣ ደወልም፣ ጎንግም ሊኖራቸው ግድ ነው። ጡሩምባቸው ቢያንስ 1.5 የባሕር ማይል፣ ማለትም 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መሰማት አለበት።

የድሮው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ግን፣ በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነበር። በዛሬው ደንብ ብትለካ በአምስት ሜትር ልዩነት ከጎንግ ትተርፋለች።

ትልቅ መርከብ ወፍራም፣ ትንሽ መርከብ ቀጭን ድምፅ እንድታወጣ በደንቡ ተወስኗል። ከ200 ሜትር በላይ ለሆነች ከ70 እስከ 200 ኸርዝ፣ ከ75 ሜትር በታች ለሆነች ከ250 እስከ 700 ኸርዝ። የለመደ ጆሮ ገና ሳያያት «ይቺ ግዙፍ ናት» ይላል።

ወፍራም ድምፅ ሩቅ እንደሚሄድ ከተረዱት ሰዎች አንዱ በካናዳ ሴንት ጆን ይኖር የነበረው ሮበርት ፎሊስ ነው። በጉም ምሽት ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጁ የምትመታው ፒያኖ ወፍራም ድምፆቹ ብቻ ይሰሙት እንደነበርና ሐሳቡ ከዚያ እንደመጣለት ይነገራል። ፒያኖው ተረት ይሁን እውነት፣ በእንፋሎት የሚነፋው ጡሩምባ ግን በ1859 በፓርትሪጅ ደሴት ተተክሎ መርከቦችን ማስጠንቀቅ ጀምሯል።

ከጡሩምባ በፊት መድፍ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ መግቢያ፣ ፖይንት ቦኒታ በተባለው ቦታ፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ አንድ ጡረተኛ ሳጅን በጉም ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ መድፍ እንዲተኩስ ተቀጥሮ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ጉም ደግሞ ቀናት ይቆያል። ምስኪኑ ሰውዬ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ለአለቆቹ መጻፉ ተመዝግቧል።

ያውቁ ኖሯል? ጉም ድምፅን ያፍናል የሚለው እምነት በ1873 ጆን ቲንዳል የተባለው ሳይንቲስት በእንግሊዝ ዳርቻ ሳውዝ ፎርላንድ ባደረገው ሙከራ ተናውጧል። ጥርት ባለ ቀን ጡሩምባው አንዳንዴ ቶሎ ይጠፋበታል፤ በጉም ቀን ደግሞ ርቆ ይሰማል። ችግሩ ያለው ዓይን በማያየው የአየር ንብርብር ላይ ነው። ሙቀቱና እርጥበቱ የተለያየ አየር ድምፅን ያጎብጠዋል፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ በጉም ውስጥ «ድምፁ ከወዲያ ነው የመጣው» ማለት ቀላል አይደለም፤ ጆሮ አቅጣጫ ይስታል። የሰለጠነ መርከበኛ ጩኸት ሰምቶ ወዲያው መሪ የማይጠመዝዘው ለዚህ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። የግዙፏ መርከብ ጡሩምባ መሰማት ያለበት ከ2 የባሕር ማይል ነው፤ 3.7 ኪሎ ሜትር፣ በእግር ሦስት ሩብ ሰዓት የሚወስድ መንገድ። ድምፁ ያን ርቀት የሚያቋርጠው በ11 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች 11 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 15 የባሕር ማይል የምትሄድ መርከብ ከ80 ሜትር በላይ ተንሸራትታለች። የሰሙት ድምፅ ከነበረችበት እንጂ ካለችበት አይደለም።

ደንቡ ዕይታ ጋራጅ ብሎ የሚቆጥረው ጉምን ብቻ አይደለም። ጭጋግ፣ የሚወርድ በረዶ፣ ኃይለኛ ዝናብ፣ የአሸዋ ማዕበልም አብረው ተጽፈዋል። ለኛ አገር መርከበኛ ዋናው የመጨረሻው ነው። ቀይ ባሕር በጉም አይታወቅም፤ በኛ የክረምት ወራት በሱዳን በኩል ከቶከር ሸለቆ የሚነሳው አቧራ ግን ባሕሩን ይሸፍነዋል። ከአፋር ሜዳ የሚነሳ አቧራ አድማሱን ሲሸፍን ያየ የሐብሩ ቆላ ሰው ነገሩን መገመት አያቅተውም።

መጋቢት 23 ቀን 2021 ስዊዝ ካናል ውስጥ ተጋድማ የዓለምን ንግድ ስድስት ቀን ያገደችው ኤቨር ጊቨን እንኳ መሬት የነካችው ኃይለኛ ነፋስና አቧራ ባለበት ጠዋት ነው። ርዝመቷ 400 ሜትር ነው።

አሁን ከደንቡ ሁሉ ለሾፌር ጆሮ እንግዳ ወደሚሆነው እንምጣ። በጠራ ቀን ባሕር ላይ ቅድሚያ አለ፤ አንዷ መንገድ ትለቃለች፣ ሌላዋ ታልፋለች። በጉም ግን ቅድሚያ የሚባል ነገር ይቀራል። ማንም «መብቴ ነው» ማለት አይችልም። ከፊት በኩል የጉም ጡሩምባ የሰማች መርከብ፣ የመጋጨት ሥጋት እንደሌለ ካላረጋገጠች በስተቀር፣ መሪዋ እስኪታዘዝላት ድረስ ብቻ በሆነ ዝቅተኛ ፍጥነት መሄድ፣ ካስፈለገም ፈጽሞ መቆም አለባት። ጡሩምባው መንገድ አያስከፍትም። የነፋችውም የሰማችውም እኩል ይቀዘቅዛሉ።

ይህ በደም የተጻፈ ነው። ግንቦት 29 ቀን 1914፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከኩቤክ ወደ ሊቨርፑል የምትሄደው የመንገደኞች መርከብ ኤምፕረስ ኦቭ አየርላንድ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ የድንጋይ ከሰል ከጫነችው የኖርዌይ መርከብ ስቶርስታድ ጋር ተያየች። መብራቶቻቸው በሩቅ ይታያሉ፤ ሁለቱም ሌላዋ በየት በኩል እንደምታልፍ ገምተዋል። በዚህ መሐል የጉም መጋረጃ በመካከላቸው ወረደ። የኤምፕረሷ ካፒቴን ኬንዳል ሞተሩን ወደ ኋላ አስዞረና ሦስት አጭር ጩኸት አስነፋ። ቀጥሎም መርከቧ ስትቆም፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ሁለት ረጅም ጩኸት አሰማ፤ «አለሁ፣ ግን አልሄድም»። ከጉሙ ውስጥ የስቶርስታድ አንድ ረጅም ጩኸት መለሰ፤ «እየሄድኩ ነው»። ሁለቱም ተሰማምተዋል ለማለት ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ በጭንቅላቱ የያዘው ቅድም ያየውን ሥዕል ነበር። ስቶርስታድ ከጉሙ ብቅ ስትል ወደ ኤምፕረስ ጎን እየመጣች ነበር። መንገደኛው ተኝቷል፤ የታች መስኮቶች ክፍት ነበሩ። መርከቧ በ14 ደቂቃ ሰጠመች፤ ከተሳፈሩት 1,477 ሰዎች 1,012ቱ ሞቱ።

የካናዳው አጣሪ ስቶርስታድን ጥፋተኛ አላት፤ የኖርዌዩ አጣሪ ኤምፕረስን። ይህ አይገርምም።

ራዳር ከመጣ በኋላስ? ሐምሌ 25 ቀን 1956 የጣሊያኗ አንድሪያ ዶሪያና የስዊድኗ ስቶክሆልም ከአሜሪካ ዳርቻ ናንታኬት አጠገብ ሲጋጩ ሁለቱም በራዳር ተያይተው ነበር። አንድሪያ ዶሪያ በጉም ውስጥ ጡሩምባዋን እየነፋች ትሄድ ነበር፤ ፍጥነቷን የቀነሰችው ግን በጥቂቱ ነው። አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ ዞረው እርስ በርስ ተገናኙ። 51 ሰው ሞተ። ዛሬ ደንቡ፣ በዓይን ሳትታይ በራዳር ብቻ ከፊት ለታየች መርከብ ወደ ግራ መዞርን በተቻለ መጠን እንድንሸሽ የሚያዘው እንዲህ ካለው የተነሳ ነው። ማያ ገጽ ላይ የምታበራ ነጥብ ጡሩምባውን ከሥራ አላወጣችውም።

ያውቁ ኖሯል? የዛሬ መርከብ ካፒቴን የሚቆምበት ክፍል ብዙ ጊዜ በመስታወት የተዘጋ፣ አየሩ የቀዘቀዘ ነው፤ የውጭው ድምፅ አይገባም። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ክፍል ያላቸው መርከቦች ውጭ ማይክሮፎን ተክለው የሌላውን ጡሩምባ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ እንዲይዙ ይገደዳሉ። ያም ሆኖ ጠባቂው በዓይንም በጆሮም ነቅቶ መጠበቅ እንዳለበት በደንቡ ተጽፏል።

ርዝመቷ ከ12 ሜትር ለምታንስ ጀልባ ሕጉ ይራራል። የተዘረዘሩትን ምልክቶች የማሰማት ግዴታ የለባትም፤ ነገር ግን በየ2 ደቂቃው «ጠቃሚ የሆነ ሌላ ድምፅ» ማሰማት አለባት። ምን እንደሆነ አልተጻፈም። በጣና ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጣሳ ቢመታ፣ ቢያፏጭ፣ ቢጮኽ ይበቃዋል ማለት ነው።

እርግጥ ደንቡ ጣና ላይ በቀጥታ አይሠራም። የሚገዛው ክፍት ባሕርንና ከባሕር ጋር ተገናኝተው የባሕር መርከብ የሚገባባቸውን ውኆች ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሜዲትራኒያን ቢደርስም ጢስ ዓባይን ዘሎ የሚወጣ መርከብ የለም። ለኛ የሚቀርበን፣ ከደሴ ወደ ውርጌሳ ስንመጣ በመንገዳችን ላይ የምናገኘው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ሐይቅም መውጫ ወንዝ የሌለው ስለሆነ ከዚህ ውጪ ነው። የአገር ውስጥ ውኃ በአገር ሕግ ይዳኛል፤ ለባሕር ጉዳይ ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤትም ኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ በአዋጅ አላት።

የባሕር በር ሳይኖራት መርከበኛ የምታሠለጥን አገር ናት የኛዋ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ መርከብ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶችንና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ያወጣል። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በውጭ ኩባንያ መርከቦች ላይ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ራሱ ከተቋቋመ ቆየ፤ 1964 ነበር። በ2011 ከሁለት ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሆነ።

የመጨረሻዋ። ያውቁ ኖሯል? የጉም ጡሩምባ ሳያቋርጥ፣ ያለ ፋታ፣ ከተነፋ «ድረሱልኝ» ማለት ነው፤ በደንቡ የጭንቅ ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የሰማ መርከበኛ ሁሉ መንገዱን ቀይሮ ይሮጣል። ውርጌሳ ላይ የአንዱ አይሱዙ ክላክስ ተጣብቆ አላቆም ሲል ሰው የሚሰበሰበው ለመሳቅ ነው፤ ረዳቱም ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን ይነቅለዋል።